የቍጥሩ ወረቀትና የልጃችን ምስክርነት

ሰው ያልተረዳውን ነገር ለመፍረድ ይቸኵላል፤ ይልቁንም ፍርዱ ከጭንቀት የሚያሳርፈው መስሎ በታየው ጊዜ ችኰላው ይበረታል። እኛም ባልና ሚስት በገዛ ቤታችን በገዛ ልጃችን ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ፈርደን ነበር። ዛሬ ይህን ለመጻፍ የተነሣነው ሌላውን ለማስተማር የበቃን ሆነን አይደለም፤ የታመመ ልጅ ያለው ሌላ ቤተ ሰብ እኛ በተሰናከልንበት ድንጋይ እንዳይሰናከል በማሰብ ነው።

ልጃችን አሁን 24 ዓመቷ ነው። የክሮን በሽታ የሚባለው የአንጀት ሕመም እንዳለባት የታወቀው በ2013 ዓ.ም. ነበር። ስሙ ለብዙ ሰው እንግዳ ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ ቡሪል ክሮን፥ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም ገልጠው ጻፉ፤ ከዚያም ወዲህ በመጀመሪያው ሐኪም ስም ይጠራል። በዚህ ሕመም የሰውነት የመከላከያ ኀይል ያለ አግባብ በአንጀት ላይ ይነሣል፤ አንጀቱም ይቈጣል፥ ያብጣል፥ ይቈስላል። ሕመሙ በማናቸውም የምግብ መተላለፊያ ክፍል ሊነሣ ቢችልም፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘወትረው የትንሹን አንጀት መጨረሻና ትልቁን አንጀት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፈጽሞ የሚነቅለው መድኀኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ በመድኀኒት ኀይል ለብዙ ጊዜ ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ጸጥ ካለ በኋላ እንደ ገና ሲነሣ፥ አገረሸ ይባላል።

ይህ ሕመም ብዙ ሌላ ሕመም ስለሚመስል ቶሎ አይታወቅም። ልጃችንም ስሙ ከመታወቁ በፊት ሁለት ዓመት ያህል አንድ ጊዜ አሜባ ነው፥ አንድ ጊዜ ታይፎይድ ነው እየተባለ መድኀኒት ስትውጥ ቈየች። በመጨረሻ አንጀቷ በካሜራ ታየ፤ ከአንጀቷም ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ተመረመረ፤ የአንጀት ቲቢ አለመሆኑም በብዙ ጥንቃቄ ተጣራ። ቲቢና ክሮን እንደ መንታ ወንድማማቾች ይመሳሰላሉና፤ ሁለቱም ትንሹ አንጀት ከትልቁ በሚጋጠምበት ስፍራ መቀመጥ ይወዳሉ፤ ሁለቱም ሰውነትን ያከሳሉ፤ ሁለቱም ያተኵሳሉ። መድኀኒታቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ለክሮን የሚሰጠው መድኀኒት የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ ስለ ሆነ፥ ቲቢ ላለበት ሰው ቢሰጥ ጠላትን ከእስር እንደ መፍታት ይቈጠራል።

እንግዲህ ወደ በደላችን እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ልጃችን ወደ ሥራ ይዛው የምትሄደው ምሳ ዕቃ ሳይነካ እንዳለ ይመለስ ጀመር። ምክንያቱን ብንጠይቃት «ሆዴን ይቈርጠኛል» አለችን። ሐኪሟም የደም ምርመራ አዘዘላት። እንደ ተለመደው የውጤቱን ወረቀት ላቦራቶሪው በእጃችን ሰጠን፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ገና አራት ቀን ይቀረው ስለ ነበረ ወረቀቱን ይዘን ወደ ቤት ገባን። ከራት በኋላ መነጽራችንን አድርገን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አነበብነው። በአንዱ ረድፍ የምርመራው ስም፥ በሁለተኛው የተገኘው ቍጥር፥ በሦስተኛው የጤነኛ ሰው ወሰን ተጽፏል። ሲ አር ፒ በሚባለው ምርመራ አንጻር 4 የሚል ቍጥር አለ፤ ወሰኑም ከ5 በታች ይላል። ነጭ የደም ሕዋሳቱም ከወሰን አልወጡም። ሲ አር ፒ የመቈጣት ምልክት መሆኑን ቀደም ብለን ሰምተን ነበርና፥ «ተመስገን፥ ሕመሙ አላገረሸም» ተባባልን።

ደስታችን ብዙም ሳይቈይ ወደ ተግሣጽ ተለወጠ። «ልጃችን፥ ወረቀቱ ጤነኛ ነሽ ይላል። ሐሳብ አታብዢ፤ ሆድሽን ሁልጊዜ አታዳምጪው፤ በርቺ» አልናት። እርሷም ወረቀቱን አየችው፤ እኛንም አየችን፤ «እሺ እማዬ፥ እሺ አባዬ» ብላ ተነሥታ ወደ መኝታዋ ሄደች። ውጤቱ ደኅና ከሆነ ሐኪሙን ለምን እናደክማለን ብለን ቀጠሮውንም አሳለፍነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃችን ስለ ሆዷ መናገርን ተወች። እኛም ዝምታዋን እንደ ጤና ቈጠርነው። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ሕመምተኛ ሕመሙን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ የሚያምነው ሰው ሲያጣ መሆኑን ከቶ አላስተዋልንም ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በገና ዋዜማ ታላቅ እኅቷ ለበዓል ከሐዋሳ መጣች። አቅፋ ስትስማት አጥንቷ በእጇ ተሰማት። ሌሊቱን በአንድ ክፍል ስላደሩ፥ አምስት ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትመላለስ ሰማቻት፤ በትራሷም ሥር ከፋርማሲ የተገዛ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አገኘች። በማለዳ ወደ እኛ መጥታ «እናንተ ይህን አታውቁም?» ስትል ጠየቀችን። አላወቅንም። በአንድ ጣራ ሥር እያደርን፥ ከአንድ መሶብ እየቈረስን አላወቅንም። በሚዛን ላይ ብትወጣ 54 ኪሎ የነበረችው ልጅ 47 ኪሎ ሆናለች።

በዓሉ እንዳለፈ በማግሥቱ ወደ ሐኪሟ ወሰድናት። ያንን የደም ወረቀት እንደ መከላከያ አድርገን አቀረብንለት። ሐኪሙም ትዕግሥተኛ ሰው ነውና አልተቈጣንም፤ እንዲህ ብቻ አለን፦ «ወረቀቱ አልዋሸም። ነገር ግን እናንተ ሊመሰክር በማይችለው ነገር አስመሰከራችሁት።»

ከዚያም በኋላ በሰፊው አስረዳን። ሲ አር ፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በሰውነት ውስጥ በማናቸውም ስፍራ መቈጣት ሲነሣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ መቈጣቱ ሲበርድም ቶሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠቃሚ ምልክት ነው። ሆኖም ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛ፥ መቈጣቱ ከየት እንደ መጣ አይናገርም፤ የሳንባ ምችም፥ የጥርስ መግልም፥ የአንጀት ቍስልም ያስጨምሩታል። ሁለተኛ፥ ክሮን ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ አንጀታቸው እየቈሰለ እንኳ ሲ አር ፒያቸው ከወሰን አያልፍም። ሐኪሙም ለእናት በሚገባ ቋንቋ ሲናገር፥ «ጭስ ያየ ሰው እሳት አለ ቢል ያስኬዳል፤ ጭስ ያላየ ግን እሳት የለም ለማለት አይችልም። የተያያዘ ከሰል ያለ ጭስ አይነድምን?» አለ። ይህን ቃል ከቶ አንረሳውም።

ስለዚህም ካልፕሮቴክቲን የሚባል የዓይነ ምድር ምርመራ አዘዘ። ይህ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሸከሙት ፕሮቲን ነው። አንጀት ሲቈጣ ሕዋሳቱ ወደ ቍስሉ ይሰበሰባሉ፤ ፕሮቲኑም ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ስለዚህ ከደም ምርመራው ይልቅ ወደ አንጀት የቀረበ ምስክር ነው። ብዙ ሐኪሞች በአንድ ግራም ከ50 ማይክሮ ግራም በታች ቢገኝ አንጀቱ ጸጥ ብሏል፥ ከ250 በላይ ቢሆን መቈጣት አለ ብለው ይገምታሉ፤ በመካከል ያለው ግን የጥርጣሬ ስፍራ ስለ ሆነ ጥቂት ሳምንት ቈይቶ መድገም ይገባል። የልጃችን ውጤት 1,180 ሆኖ መጣ። ያን ቍጥር ስናይ ያፈርነው እፍረት ከልባችን እስካሁን አልወጣም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትነግረን የቈየችውን ነገር ነበር ወረቀቱ የነገረን።

ያን ጊዜ ደግሞ ወደ ሌላው ስሕተት ዘለልን። ቍጥሩ ከፍ ስላለ «መድኀኒቱ አሁኑኑ ይሰጣት» ብለን ሐኪሙን አጣደፍነው። እርሱ ግን ቆዩ አለ። ካልፕሮቴክቲን አንጀት መቈጣቱን እንጂ ያስቈጣውን አይናገርም፤ ተሕዋስያንም ያስጨምሩታል፥ ልጃችን በስውር ትውጠው የነበረው ዲክሎፌናክና እርሱን የመሰሉት መድኀኒቶችም ሊያስጨምሩት ይችላሉ። እንዲያውም እንዲህ ያሉት ማስታገሻዎች ሕመሙን ሊቀሰቅሱት ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳትወስድ አስጠነቀቃት። ስለዚህ አስቀድሞ ዓይነ ምድሯ ለአሜባ፥ ለጃርዲያና ሲ ዲፊሲል ለሚባለው ባክቴሪያ ተመረመረ። ደረቷ ራጅ ተነሣ፤ ሳይታወቅ ተኝቶ የሚኖር ቲቢ እንዳይኖርባትም ተመረመረች። ይህ የቲቢ ምርመራ መድኀኒቱ ከመጀመሩ በፊት መደረጉ ይሻላል፤ ፕሬድኒሶሎን የመሰለው መድኀኒት ከተጀመረ በኋላ ቢደረግ ቲቢ እያለ የለም ብሎ ሊያሳስት ይችላልና። እነዚያ የጥበቃ ቀናት ረጅም መስለው ቢታዩንም፥ የሚያስፈልጉ ቀናት ነበሩ።

ተሕዋስያን አለመኖራቸው ከተጣራ በኋላ ፕሬድኒሶሎን ተጀመረላት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቍርጠቷ ቀለለ፤ ምሳ ዕቃዋም ባዶውን ይመለስ ጀመር። ነገር ግን በተደረገው የደም ምርመራ ነጭ የደም ሕዋሳቷ 14,000 ሆነው ስላገኘናቸው ደግመን ደነገጥን። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ይህ ከመድኀኒቱ የተነሣ ነው አለን፤ ፕሬድኒሶሎን ራሱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ከፍ ያደርጋልና። ትኵሳት አለመኖሩን፥ ልጅቱም እየተሻላት መሆኑን አይቶ በቍጥሩ አልታወከም። አንድ ቍጥር በአንድ ጊዜ የሕመም፥ በሌላ ጊዜ የመድኀኒት ምልክት እንደሚሆን በዚህ ተማርን።

ከዚያም የፌሪቲን ነገር መጣ። ይህ በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚገልጥ ምርመራ ነው። የልጃችን 64 ነበር፤ ወረቀቱም በወሰን ውስጥ ነው ይላል። ሄሞግሎቢኗ ግን 9.8 ስለ ነበረ ደም ማነስ ነበረባት። ሐኪሙም ብረት በደም ሥር እንዲሰጣት አዘዘ። ብረቷ ደኅና ከሆነ ስለ ምን ይሰጣታል ብለን ብንጠይቀው፥ መቈጣት ባለበት ሰውነት ፌሪቲን ከእውነተኛው መጠን በላይ ከፍ ብሎ እንደሚታይ፥ ስለዚህም ለጤነኛ ሰው ከ30 በታች ሲሆን የብረት እጦት ቢባልም፥ መቈጣት ላለበት ሰው እስከ 100 ድረስ እንኳ እጦት ሊኖር እንደሚችል አስረዳን። እንዲሁም አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ዝቅ ብሎ ሲገኝ ሁልጊዜ የምግብ ማነስ ምልክት አይደለም፤ መቈጣትም ያወርደዋል።

በዚህ መካከል የጾም ነገር ልጃችንን ያስጨንቃት ነበር። ከጕርምስናዋ ጀምሮ አጽዋማትን ሳታጓድል የምትጾም ልጅ ናትና፥ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ አለቀሰች። ሐኪሙ ቢ 12 የተባለው ቪታሚን እንዳነሳት ነግሯት ነበር። ይህ ቪታሚን የሚገኘው ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ወደ ሰውነት የሚገባውም በትንሹ አንጀት መጨረሻ በኩል ነው፤ የልጃችን ቍስል ደግሞ በዚያው ስፍራ ነው። እንግዲህ ምግቡ ሲጾም፥ በሩም ሲቈስል፥ ሰውነት ከሁለት ወገን ይጐዳል። ስለዚህ በመርፌ ይሰጣት ጀመር። የንስሐ አባታችንም ወደ ቤት መጥተው ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፥ «ልጄ፥ ጾም ሥጋን ለማስገዛት የተሠራ ነው፤ ያንቺን ሥጋ ሕመም አስገዝቶታል። እስክትድኚ ድረስ ሐኪም ያዘዘልሽን ብዪ፤ ጸሎትሽን አትተዪ» ብለው ከጾሙ ፈቱአት። እርሷም በሰላም ታዘዘች። በየቤቱ በእንዲህ ያለ ጭንቀት ውስጥ ያሉ ሕመምተኞች ነገሩን በልባቸው ከሚያብላሉት ለንስሐ አባታቸውና ለሐኪማቸው ቢገልጡት፥ ሁለቱ ምክር እንደማይቃረን እኛ ምስክሮች ነን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዐዋቂዎች ሆንን ብለን ነበር። ነገር ግን በግንቦት 2017 ዓ.ም. የልጃችን ቍርጠት ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ፈጥነን ወሰድናት፤ ካልፕሮቴክቲኗም ተመርምሮ 40 ሆነ። እኛ ግን ያለፈው ጸጸት ስለ ነበረብን ወረቀቱን አላመንንም፤ «ተሳስቷል፤ ፕሬድኒሶሎኑ ይመለስላት» እያልን ለመንን። ሐኪሙ ካልፕሮቴክቲን የትንሹን አንጀት መቈጣት አንዳንድ ጊዜ እንደሚያሳልፈው ስለሚያውቅ ነገሩን በዚያ ብቻ አልዘጋም፤ አንጀቷን እንደ ገና በካሜራ አየ። ቍስሉ ድኖ ነበር። ቍርጠቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መቈጣቱ ከበረደ በኋላም አንጀት ለብዙ ጊዜ ስሜቱ ስል ሆኖ እንደሚቀር፥ በትንሽ ነገርም እንደሚታመም አስረዳን። ያን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ቢሰጣት ኖሮ፥ የሚያጠፋው እሳት ሳይኖር አጥንትን የሚያሳሳውን፥ እንቅልፍን የሚነሣውን፥ ለሌላም ሕመም የሚያጋልጠውን ጕዳት ብቻ ታተርፍ ነበር። በምግብ ማስተካከልና ቍርጠትን በሚያለዝብ መድኀኒት ዳነች።

እንግዲህ በመጀመሪያው ጊዜ ወረቀቱን አምነን ልጃችንን ካድን፤ በሁለተኛው ጊዜ ስለ ልጃችን ፈርተን ወረቀቱን ካድን። በሁለቱም ጊዜ ልጃችን እውነት ተናግራ ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ ወረቀቱ የሚያውቀውን ያህል ተናግሮ ነበር። ጐደሎው የኛ አነባበብ ነው። ሕመምተኛው ምን እንደሚሰማው ይመሰክራል፤ ምርመራው ከሰውነት ውስጥ የለካውን ይመሰክራል፤ ሐኪሙም ሁለቱን አገናዝቦ ይመረምራል። ከሦስቱ አንዱን አስወጥቶ የሚፈርድ ዳኛ ፍርዱ ይጣመማል።

ለአንባብያን የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ አሁን በቤታችን የምናደርገውን እንጨምራለን። አንድ ደብተር አለን። በየምርመራው ቀኑን፥ የላቦራቶሪውን ስም፥ ቍጥሩንና መለኪያውን እንጽፋለን። መለኪያውን መጻፍ ታላቅ ነገር ነው፤ አንዱ ላቦራቶሪ ሲ አር ፒን በሊትር፥ ሌላው በዴሲ ሊትር ስለሚጽፍ፥ በአንዱ 9 የሆነው በሌላው 0.9 ሆኖ ሊታይ ይችላልና። በአጠገቡም በዚያ ሳምንት የወሰደችውን መድኀኒት ሁሉ፥ ኪሎዋን፥ በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት እንደ ሄደች እንጽፋለን። ሐኪሙ ከአንዱ ቍጥር ይልቅ የቍጥሮቹን አካሄድ ማየት እንደሚሻል ነግሮናል፤ 300 የነበረው ወደ 900 ከወጣ አንድ ነገር ነው፥ 1,180 የነበረው ወደ 300 ከወረደ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ሆድ ተነፍቶ ማስመለስ ሲደጋገም፥ ትኵሳት ሲበረታ፥ ብዙ ደም ሲፈስ ወይም ሕመሙ የማይቻል ሲሆን የወረቀት ውጤት አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ከደብተሩ በፊት ግን የምናስቀድመው ሌላ ነገር አለ። የውጤቱ ወረቀት ወደ ቤት በገባ ቀን ወዲያው አንዘረጋውም። አጣጥፈን በጠረጴዛው ላይ እናኖረውና፥ አስቀድመን ልጃችንን «ዛሬ እንዴት ነሽ?» ብለን እንጠይቃታለን። የምትነግረንንም እስከ መጨረሻው እንሰማለን። ወረቀቱን የምንገልጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እግዚአብሔር በየቤቱ ለታመሙት ምሕረትን፥ ለሚያስታምሙትም የሚሰማ ጆሮን ያድልልን።